ጭብጨባውን ብቻ ለሰሙት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ጥር በደብረ ብርሃን፣ በአንድ የኪራይ አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ ስለታየ የካውቦይ ፊልምና ፊልሙን ስላየው ሰው አንድ የከተማችን ጸሐፊ ረዘም ያለ ጽሑፍ አውጥተዋል። ፊልሙ ክሊንት ኢስትዉድ አዘጋጅቶትና መሪ ተዋናይ ሆኖበት እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው «አንፎርጊቨን» ነው፤ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ይቅር ያልተባለ» እንደማለት ነው። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ተመልካቹ ሰው በተገደለ ቁጥር አጨብጭቧል፣ አፏጭቷል፤ ይህም ደም መጠማቱን ይመሰክራል። የካውቦይ ፊልም ከነበቀሉ የባዕድ ነገር ነው፤ የእኛ ባህል ግን ዕርቅ ነው። ስለዚህ ቁስሉ ባልጠገገ እንደ ሰሜን ሸዋ ባለ አካባቢ እንዲህ ያለ ፊልም መከልከል አለበት፤ ካልተከለከለም እንደ ድሮዎቹ ደም የማያሳይ፣ ጥሩው ሰው ከክፉው ተለይቶ የሚታወቅበት ይሁን። በመጨረሻም ሕሊናቸው ያልደነዘዘው ፊልሙን አቋርጠው የወጡት ጥቂት ሰዎች ብቻ እንደሆኑ ጽፈዋል።

እኔም በዚያ ምሽት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። ከጎኔ የተቀመጡት የእናቴ አጎት ናቸው፤ ለሕክምና ከመሐል ሜዳ መጥተው ቤቴ ሰንብተው ስለነበር፣ ብቻቸውን ከሚቀመጡ ብዬ ይዣቸው ሄድኩ። ጸሐፊው ለወጣቱ ተጨንቀው እንደጻፉ አልጠራጠርም፤ ጭንቀታቸውንም እጋራለሁ። ነገር ግን አብሬው ያየሁትን ሕዝብ ያልሆነውን ነው ብለው ሲጽፉበት ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ስለዚህ ያነሷቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

አስቀድሜ ፊልሙን ላላዩት አንባብያን ታሪኩን ላስታውስ። ጊዜው 1880 ገደማ፣ ቦታው በአሜሪካ ዋዮሚንግ ቢግ ዊስኪ የተባለች ትንሽ ከተማ ናት። አንድ ከብት ነጂ አንዲት ሴተኛ አዳሪ ሳቀችብኝ ብሎ ፊቷን በቢላ ይተለትለዋል። የከተማው ሸሪፍ ሊትል ቢል ጥፋተኛውንና አብሮት የነበረውን ጓደኛውን ፈረስ እንዲከፍሉ ይፈርድባቸዋል፤ ፈረሶቹ የሚሰጡት ግን ለተጎዳችው ልጅ ሳይሆን ለመጠጥ ቤቱ ባለቤት ነው። በዚህ የተቆጡት ሴቶች ያላቸውን አዋጥተው ሁለቱን ለሚገድል ሰው 1,000 ዶላር እንከፍላለን ይላሉ። ወሬው ዊልያም መኒ ዘንድ ይደርሳል። መኒ ሚስቱ በፈንጣጣ ሞታበት ሁለት ልጆቹን ይዞ አሳማ የሚያረባ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ግን ሴትና ሕፃን እንኳ ሳይለይ ገድሏል። የድሮ ጓደኛውን ኔድ ሎጋንንና ብዙ ሰው ገድያለሁ እያለ የሚያወራ፣ ዓይኑ ግን አርቆ የማያይ አንድ ወጣት ይዞ ለገንዘቡ ይነሳል።

የጸሐፊው የመጀመሪያ ክስ ሰው በተገደለ ቁጥር ተጨብጭቧል የሚለው ነው። በፊልሙ ግድያ በዓይናችን ፊት የሚፈጸመው በሦስት ቦታ ስለሆነ ሦስቱንም እንያቸው።

መጀመሪያ የሚሞተው ፊቷን የቆረጠው ሰው ሳይሆን ያ አብሮት የነበረው ጓደኛው ነው። ፈረሱ ተመትቶ ላዩ ላይ ይወድቅና እግሩ ይሰበራል፤ በደረቱ እየተሳበ ወደ ድንጋይ ጥግ ሲጠጋ መኒ ሆዱን ይመታዋል። ወዲያው አይሞትም። ውኃ ጠማኝ እያለ ይጣራል፤ ጓደኞቹ ደግሞ ተኩስ ፈርተው ከተደበቁበት አይወጡም። በመጨረሻ ራሱ የመታው መኒ ከገደሉ ላይ ሆኖ ውኃ ስጡት፣ አንተኩስም ብሎ ይጮህባቸዋል። በዚህ ጊዜ በአዳራሹ አንድም እጅ አላጨበጨበም። እንዲያውም መኒ ከመጮሁ በፊት ከኋላችን የተቀመጠች አንዲት ሴት «ኧረ ውኃ ስጡት!» ስትል ሁላችንም ሰምተናል። ለማን እንደተናገረች አላውቅም፤ ለግድግዳው ላይ ሰዎች ነው እንጂ ለማን ይሆናል። ጸሐፊው ከእኛ ሁለት ረድፍ ወደፊት ነበሩና ይህ ድምፅ ሳይደርሳቸው አይቀርም ብዬ አምናለሁ፤ በጽሑፋቸው ውስጥ ግን የለም።

ሁለተኛው የሚሞተው ፊት የቆረጠው ሰውዬ ነው፤ ሽንት ቤት ተቀምጦ ሳለ ያ ወጣት በሩን ከፍቶ ይተኩስበታል። እዚህ ላይ ከፊት ያሉ ጥቂት ልጆች ስቀዋል፤ አልክድም። ቀጥሎ የመጣውን ግን ጸሐፊው መጻፍ ነበረባቸው። ወጣቱ ከአንድ ዛፍ ሥር ጠርሙስ ይዞ ተቀምጦ፣ ያ የገደለው ሰው በሕይወቱ የመጀመሪያው እንደሆነ፣ ብዙ ገድያለሁ ያለው ሁሉ ውሸት እንደነበር እየተናገረ ያለቅሳል። ሰውዬው ከእንግዲህ የማይተነፍስ መሆኑ፣ ነገ የሚባል ነገር የሌለው መሆኑ አልዋጥ ይለዋል። ሽንት ቤቱ ላይ የሳቁት ልጆች በዚህ ጊዜ ዝም ብለው ነበር። የጥር ነፋስ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ የሚሰማበት ዝምታ ነበር። አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ ያውም አብዛኛው ወጣት፣ በአንድ የካውቦይ ፊልም ላይ እንደዚያ ዝም ሲል ከዚያ በፊት አጋጥሞኝ አያውቅም።

ጭብጨባው የመጣው በሦስተኛው ነው። ኔድ መግደል አስጠልቶት ወደ ቤቱ ሲመለስ ይያዝና በሊትል ቢል ጅራፍ ተገርፎ ይሞታል፤ ሬሳውም ለማስፈራሪያ ከመጠጥ ቤቱ ደጅ ይቆማል። መኒ ይህን ሲሰማ ከስንት ዓመት በፊት የተወውን መጠጥ ከጠርሙሱ እየተጎነጨ፣ በዝናብ፣ በጨለማ ወደ ከተማው ይመለሳል። ጠመንጃውን ይዞ በበሩ ሲገባ አዳራሹ በጭብጨባና በፉጨት ተናወጠ። ይህ እውነት ነው፤ ጸሐፊውም ያዩት ይህንኑ ነው። ሆኖም መኒ መጀመሪያ የሚገድለው የመጠጥ ቤቱን ባለቤት ነው፤ ያ ሰው ደግሞ መሣሪያ አልያዘም። ጥይቱ ሲጮህ ጭብጨባው ተቆረጠ። ከጎኔ ያለ ልጅ «ባዶ እጁን እኮ ነው» አለ። ቆይቶ ሊትል ቢል ወለሉ ላይ ተዘርሮ ይህ አይገባኝም፣ ቤት እየሠራሁ ነበር ሲል፣ ቀደም ብሎ የዚያ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ የሳቀው ሰው ሁሉ ጸጥ አለ፤ አንድ ጎልማሳ «ቤት ጀምሮ ነበር» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። ዕድሜውን ሙሉ ቆርቆሮና ሚስማር ሲጠራቅም ለሚኖር ሰው ያ ቃል ምን ያህል እንደሚሰማው ለደብረ ብርሃን ነዋሪ ማስረዳት አያስፈልግም።

እንግዲህ ያ አንድ ጭብጨባ ከየት መጣ? ጸሐፊው ከደም ጥማት ነው ይላሉ። እኔ ሁለት ሌላ ምንጭ አይቻለሁ። የመጀመሪያው የተበደለ ሰው ጓደኛ ሲመጣ ማየት ነው። ከጭብጨባው በፊት ያየነው ምንም ያልገደለ ሰው ተገርፎ መሞቱንና ሬሳው መዋረዱን ነው፤ ሰው በዚህ ተቃጥሎ የሚመጣውን ሰው በጭብጨባ ቢቀበል የፈለገው ፍርድ ነው። መንዝም ይሁን ተጉለት፣ ቡልጋም ይሁን ይፋት፣ በሠርግና በለቅሶ ላይ የሚፎክር ሰው ሁሉ ሊገድል የተነሳ አይደለም። ፉከራ አንዳንዴ ሰውን ወደ ጥፋት እንደሚገፋ ጠፍቶኝ አይደለም፤ እጅግ ይገፋል። ዳሩ ግን ያን ምሽት ጭብጨባው የሞተው ጥይቱ በወጣበት ቅጽበት ነው፤ ደም የጠማው ሰው ደሙን ሲያይ ነበር የሚያጨበጭበው።

ሁለተኛው ምንጭ ደግሞ ጸሐፊው ፈጽሞ ያልነኩት ነው፤ እሱም ተርጓሚው ነው። ፊልሙ ማይክ በያዘ አንድ ወጣት በቀጥታ እየተተረጎመ እንደታየ ሁላችንም እናውቃለን። ልጁ ፈጣንና ጎበዝ ነው፤ ድካሙን ማንኳሰስ አልፈልግም። ነገር ግን መኒ በሩ ላይ ሲቆም በፊልሙ ውስጥ የሚሰማው የዝናብ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ አንድም ቃል የለም። ልጁ ያንን ዝምታ «አንበሳው መጣ! ደም መላሹ ገባ!» እያለ በፉከራ ሞላው። አዳራሹም የመለሰው ለእሱ ነው። በልጅነታችን በአንድ ብር ገብተን አግዳሚ ላይ ተደራርበን ፊልም ያየንበት የቪዲዮ ቤት ልማድ ይኸው ነበር፤ ተርጓሚው ባዶ ቦታ አይወድም፣ ዋናው አክተር ሲመጣ መፎከር አለበት። ኢስትዉድ ግን ይህን ሰው አንበሳ አድርጎ አልሠራውም። የሚመጣው ሰክሮ ነው። የገዛ ልጆቹን ትቶ ነው። ፈረሱ ላይ መውጣት እያቃተው ሲንሸራተት በፊልሙ መጀመሪያ አይተነዋል። ያንን ሁሉ ማይኩ ሸፈነው። ጸሐፊው በተመልካቹ ላይ የጻፉት ፍርድ ቢያንስ ግማሹ ለማይኩ የሚገባ ነበር፤ መፍትሔውም ከመከልከል ይልቅ ተርጓሚውን አስቀድሞ ፊልሙን እንዲያይና ዝምታውን እንዲያከብር መንገር ነው።

ሁለተኛው ነጥባቸው የካውቦይ ፊልም የባዕድ ነው፣ እኛን አይመለከትም የሚለው ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ካውቦይ ፊልም ለአሜሪካኖቹም ቢሆን ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ሲዞር የኖረ ነገር ነው። ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1961 የሠራውን የሳሙራይ ታሪክ ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1964 ወደ ካውቦይ ፊልም ለወጠው፤ ያንንም የቀረጸው ስፔን ውስጥ፣ አልሜሪያ አካባቢ ባለ ደረቅ ምድር ላይ ጭምር ነው። በዚያ ፊልም የታወቀው ወጣት ተዋናይ ደግሞ ይኸው ክሊንት ኢስትዉድ ነበር። ኢስትዉድ «አንፎርጊቨን»ን በ62 ዓመቱ ለዕይታ ሲያበቃ ፊልሙን ለዚያው ለሊዮኔና ለሌላው አስተማሪው ለዶን ሲግል መታሰቢያ አደረገው። ታሪኩም በዚያ አልቆመም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ጃፓኖች ራሱን «አንፎርጊቨን»ን ወስደው ሆካይዶ በተባለችው ሰሜናዊ ደሴታቸው፣ ሥልጣናቸውን ባጡ ሳሙራዮች ዘመን አድርገው ሠሩት። ያ ሕዝብ ይህ የእኔም ጉዳይ ነው ሲል ማንም ባዕድ ነው ብሎ አልከለከለውም። ከጣርማበር ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና የሚያወርደውን ገደል እያየ ያደገ ልጅ በሸንተረር መካከል በፈረስ የሚሄድን ሰው የእኔ ነው ቢል የሚያስደንቅ አይደለም።

ሦስተኛው ነጥብ ግን ሰፋ ብሎ መታየት አለበት፤ ባህላችን ዕርቅ እንጂ በቀል አይደለም የሚለውን ማለቴ ነው። ጸሐፊው ይህን ሲሉ ለአገራቸው ካላቸው ፍቅር ነው። ግን ግማሽ እውነት ነው። አባቶቻችን ደም ማድረቅ የሚባለውን ሥርዓት ያበጁት እርጥብ ደም ስለነበረ ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለው ተረትም የመጣው ከሌላ አገር አይደለም። በቀደመው ዘመን ፍርድ ነፍሰ ገዳይ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ እንደነበር፣ ዘመዶቹም ወይ በደም ወይ በካሳ ይወስኑ እንደነበር የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ይናገራሉ። ዕርቁ ክቡር የሚሆነው በቀሉ ከነጉልበቱ አጠገቡ ቆሞ ስለነበረ ነው፤ በቀል የማያውቅ ሕዝብ ዕርቅ ምን ያደርግለታል?

አብረውኝ የነበሩት የእናቴ አጎት በመንዝ ደም በማድረቅ ሽምግልና ብዙ ዓመት ያገለገሉ ሰው ናቸው። በርኖሳቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይተዋል። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ከተርጓሚው ፉከራም ብዙውን አልሰሙትም፣ ጆሯቸው ደከም ብሏል። ያዩት በዓይናቸው ነው። ገና ፊልሙ ሲጀምር፣ ሊትል ቢል ፈረሶቹን ለመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሲፈርድ፣ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ፈረሱ ለማን ነው የተሰጠው?» ብለው ጠየቁኝ። ለባለ መጠጥ ቤቱ ነው አልኳቸው። «ተጎጅዋስ?» አሉ። ለእሷ ምንም አልተሰጣትም፣ ሰውዬው ገንዘብ የከፈልኩባት ዕቃዬ ተበላሸብኝ ስላለ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲህ ነገሩ አለቀ፤ ከዚህ ወዲያ ደም ነው» አሉ። ፊልሙ ገና ሩብ ሰዓት እንኳ አልሄደም ነበር።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ያንን ያሉበትን ምክንያት አስረዱኝ። በእሳቸው አነጋገር፣ በሽምግልና ላይ የመጀመሪያው ሥራ የተጎዳውን ወገን ማስቀመጥና ማስናገር ነው። የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ፣ ካህናቱ መስቀል ይዘው ከፊት ቢመጡ እንኳ፣ የሟች ወገን በልቡ ያለውን አንድም ሳይቀር ካልተናገረ ዕርቁ አይጸናም። ወጣት ሳሉ በአንድ የድንበር ጠብ ሰው ሞቶ ሁለት ቤተሰብ ለዓመታት ደመኛ ሆኖ ሲኖር አይተዋል፤ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ካሳውን ቆርጠው የሟችን ታላቅ ወንድም ተቀበል አሉት፣ እናቱን ግን ማንም አልጠየቃትም። ካሳው ተከፈለ፤ ዕርቁ ሳይዘልቅ ፈረሰ። ዕርቁ የጸናው እንደገና ተሰብስበው፣ እናትየዋን ከሁሉ በፊት አስቀምጠው፣ ልጄ ምን ለብሶ እንደወጣ፣ ምን በልቶ እንደወጣ ተናግራ አልቅሳ ስትጨርስ ነው። «ያች ፊቷን የቆረጧት ልጅ አንድ ቃል እንኳ ተናግሪ ተብላለች?» አሉኝ። አልተባለችም።

ፊልሙ ውስጥ ጸሐፊው ያላነሱት አንድ ትዕይንት አለ፤ ለእኔ ከጥይቱ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ያ ጓደኛው፣ በኋላ ውኃ እየጠየቀ የሚሞተው ልጅ፣ የተፈረደበትን ፈረስ ሲያመጣ ከሁሉ የሚያምረውን አንድ ፈረስ ለይቶ ይህ ለእሷ ነው፣ ለተጎዳችው ልጅ ነው ይላል። ማንም አላዘዘውም። ሴቶቹ በጭቃ ይወግሩታል። የተጎዳችው ልጅ ግን ጭቃ አታነሳም፤ ቆማ ታየዋለች ብቻ። የእናቴ አጎት በዚህ ጊዜ ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም፤ «ተዉት! እሷን ጠይቋት!» አሉ፣ ያውም ጮክ ብለው፤ ከፊታችን ያሉ ሰዎች ዞረው አዩን። በእሳቸው ዓይን ዕርቁ እዚያ በሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሽማግሌ ጠፋለትና ተመለሰ። በቀልን የሚያስተምር ያሉት ፊልም ለአንድ የመንዝ ሽማግሌ የከሸፈ ሽምግልና ታሪክ ሆኖ ታየ። እንዲህ ያለው ተመልካች የሚገባው ውይይት ነው፤ ጸሐፊው ግን ደም የጠማው ሕዝብ ውስጥ ደምረውታል።

ወደ ክልከላው ልለፍ። ጸሐፊው ያላወቁት ወይም ያላነሱት ነገር፣ በቀልን የሚያጸድቅ ፊልም እንዳይሠራ የሚከለክል ደንብ በአሜሪካ ራሱ ለረጅም ጊዜ የነበረ መሆኑን ነው። የሆሊዉድ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1930 ተስማምተውበት ከ1934 ጀምሮ አጥብቀው ሲያስፈጽሙት በ1968 የተተወው የሄይስ ደንብ ስለ ግድያ በሚናገረው ክፍሉ በዘመናችን የሚፈጸም በቀል ትክክል ተደርጎ መቅረብ እንደሌለበት በግልጽ ይደነግግ ነበር። በዘመናችን የሚለው ቃል ይሰመርበት። ያለፈውን ዘመን ቃሉ ስለማይነካው፣ ስለ ድሮ የሚተርከው የካውቦይ ፊልም በቀልን ዋና ሥራው አድርጎ ኖረ። ደንቡ ያሳጣው በቀሉን ሳይሆን የበቀሉን ዋጋ ነው፤ ጭካኔና ዝርዝር ግድያ እንዳይታይ ስለሚያዝ፣ ሰው ጥይት ሲመታው ደረቱን ይዞ ይወድቃል፣ ልብሱ ላይ ጠብታ ደም አይታይም፣ ታሪኩም ወደፊት ይሄዳል።

ጸሐፊው ይመለስልን የሚሉት ይኸው ነው። እኔ ደግሞ የምፈራው ይህንኑ ነው። በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ እኛ ልጆች የሞቱትን በጣታችን እንቆጥር ነበር፤ ዋናው አክተር ስንት ጣለ እየተባለ በማግስቱ ሜዳ ላይ ይወራል። ከዚያ ሁሉ ከወደቀው ሰው መካከል ውኃ የጠየቀ አንድም አላስታውስም። ሞት እንዲህ ቀላል ሆኖ ሲታይ ነው ሕሊና የሚደነዝዘው። «አንፎርጊቨን» የመጀመሪያውን ሟች ብዙ ደቂቃ ያስጣራዋል፤ ያ ደቂቃ ነው አዳራሹን ጸጥ ያሰኘው። ጥሩው ከክፉው ተለይቶ ይታወቅ የነበረበት ዘመን የሚሉትም ቢሆን እንደሚሉት ንጹሕ አልነበረም፤ ደንቡ ገና በሥራ ላይ ሳለ በ1956 ጆን ፎርድ በሠራው «ዘ ሰርቸርስ» ውስጥ የወንድሙን ቤተሰብ ደም ሊመልስ የሚነሳው ዋናው ሰው በጥላቻ የታወረ፣ የሚፈልጋትን የወንድሙን ልጅ ሳይቀር ሊገድል የሚያስብ ነው።

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ያን ምሽት በአዳራሹ ውስጥ አሥርና አሥራ አንድ ዓመት የማይሞላቸው ልጆች ነበሩ፤ መኖር አልነበረባቸውም። ፊልሙ በአገሩ ዕድሜው ከ17 ዓመት በታች የሆነ ሰው ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ እንዳያየው የተወሰነበት ነው። በር ላይ ገንዘብ የሚቀበሉት ሰዎች ይህን ማወቅ ነበረባቸው፤ እኛም ትልልቆቹ ልጆቹን አይተን ዝም ማለታችን ጥፋታችን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ እኔ ራሴ በሩ ላይ ቆሜ ለመመለስ ፈቃደኛ ነኝ፤ ጸሐፊውም አብረውኝ ቢቆሙ ደስ ይለኛል።

የቀረው አቋርጠው የወጡትን የሚመለከተው ነው። ጸሐፊው እነዚህን ሰዎች ግድያውን የተጸየፉ፣ ከቀረነው የተሻሉ አድርገው አቅርበዋቸዋል። ከወጡት አንዱን አውቀዋለሁ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ ቤቱን ጥሎ ወደ ደብረ ብርሃን የመጣ፣ አሁን በሰፈራችን አናጢነት የሚሠራ ሰው ነው። ታሪኩን ለመጻፍ ፈቃዱን ጠይቄ፣ ስሜን ካልጠራህ ጻፈው ብሎኛል። የወጣው ተኩሱ ላይ አይደለም። ውኃ የጠየቀውን ልጅ አይቷል፤ ሽንት ቤቱን አይቷል፤ ሁለቱንም ከመቀመጫው ሳይነሳ አይቷል። የወጣው የኔድ ሬሳ በሳጥን ውስጥ እንደቆመ፣ ከመጠጥ ቤቱ ደጅ፣ ችቦ ግራና ቀኝ ተተክሎለት በታየ ጊዜ ነው። ወንድሙ በሞተ ጊዜ ሬሳውን አንስቶ ለመቅበር ቀናት ፈጅቶበታል። «ሬሳ እንዲህ አይቀመጥም» አለኝ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረም። ይህን ሰው ፊልሙን ጠልቶ ወጣ ማለት አይቻልም፤ ፊልሙ ያለበት ቦታ ድረስ መጥቶ ነው ያስወጣው። ከቀረነውም የተሻለ ወይም የባሰ ሕሊና ስላለው አይደለም፤ ሸክሙ ስለሚበልጥ ነው።

እሱ ቀድሞ ስለወጣ መጨረሻውን አላየም። መኒ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ያሉትን ገድሎ ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ በጨለማ ውስጥ ተደብቆ ሳለ፣ ፈረሱ ላይ ሆኖ በዝናቡ መካከል ሁለት ነገር ይጮሃል፦ ኔድን በሥርዓቱ ቅበሩት፣ ከእንግዲህም በእነዚህ ሴቶች ላይ ማንም እጁን እንዳያነሳ። ይህን ካላደረጋችሁ ተመልሼ እመጣለሁ ይላቸዋል። በሳምንቱ በር ሊያስተካክል ቤቴ በመጣ ጊዜ ይህን ነገርኩት። መላጊያውን አስቀምጦ «ቀበሩት?» አለኝ።

ፊልሙ አያሳይም አልኩት።